ሁለተኛ መርዶ

ቤታችን ክብሪት ሞልቶ እያለ እሙ እሳት ለመጫር በቀን ሦስት ጊዜ ወደ ጎረቤታችን ሰብሪያ ቤት ስትመላለስ፣ ያን ጊዜ ነው መጠርጠር የነበረብኝ። ገሏን ይዛ ትወጣለች፣ በአጥሩ ቀዳዳ ትሾልካለች፣ ፍሙ ገሉ ላይ አመድ እስኪለብስ እዚያው ትቆያለች። «ምን ስታደርጊ ቆየሽ?» ስላት «ሕፃኗን እያየሁ» ትለኛለች። ልጅ ሕፃን ብትወድ ምን ክፋት አለው ብዬ ተውኩት። በማይረባው ሁሉ ስጨነቅ የኖርኩ ሴት ዋናውን አለፍኩት።

እሙ የልጄ የዘመነች ልጅ ናት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ሰባተኛ ክፍል። አባቷ ገና በጡት ሳለች አሰብ ለሥራ ብሎ ሄዶ እዚያው ሌላ ትዳር ይዞ ቀረ። ባለቤቴ አቶ ነገሬም ከሞተ ሰባት ዓመት ሆነው። እሱ የሞተ ጊዜ እሙ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ «አባባ አሁን የት ነው?» እያለች መፈናፈኛ ስታሳጣኝ፣ ነፍስ አርባ ቀን እስኪሞላት ድረስ ስትዞር ትቆያለች፣ በአርባኛው ቀን የምትገባበት ይሰጣታል፣ አልኳት። እኔም ከእናቴ የሰማሁት ነው። እሙ ከሰል አንሥታ በጓዳው ግድግዳ ላይ በየቀኑ አንድ አንድ መስመር እየጫረች አርባውን ቆጠረች። በአርባኛው ቀን «በቃ፣ አባባ ገባ» ብላ እጇን ታጠበች። በኖራ ባስቀባውም መስመሮቹ ዛሬም ድረስ ከሥር ይታያሉ።

ዘመነች ሳንባዋን ታመመች። ሐኪም ቤት መመላለሱ ሲሰለቻት በ1961 ዓ.ም. ሰኔ ወር ወንድሜ ይገዙ ዘንድ ጎጃም ሄዳ ልጠመቅ አለች። ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ ተብሎ ሬዲዮ ያለው ሁሉ በሩን ከፍቶ ለጎረቤት በሚያሰማበት ሰሞን፣ ሐምሌ አሥራ ስድስት ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት ዐረፈች። የተቀበረችውም እዚያው ነው። ይገዙ በሦስተኛው ቀን በአውቶቡስ መጥቶ ነገረኝ።

እሙ ያን ጊዜ ከተስቦ ገና እያገገመች ነበር፤ ግድግዳ ይዛ ነው የምትራመደው። የዕድራችን ሽማግሌዎች መክረው «ልጅቷ ትጠንክር፤ በአርባው ይነገራት» አሉ። መርዶ እንደሁ ጊዜ ይመረጥለታል፣ ሰው ይመረጥለታል፤ እንዲህ ነው የኖርነው። ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት አፉን ዘጋልኝ። እኔ ማልቀስ ሲያምረኝ በዚያው በአጥር ቀዳዳ ሾልኬ ሰብሪያ ጓዳ ገብቼ አለቅስ ነበር። ሰብሪያ የነጋዴው የረሻድ ሚስት ናት፤ ሆዷ እስከ አፍንጫዋ ደርሶ ሳለ ፊቴን የምታጥበኝ እሷ ነበረች።

እሙ ደግሞ ለእናቷ ደብዳቤ ትጽፋለች። «ለአውቶቡስ ሰው ሰጠሁልሽ» እላታለሁ፤ ከሣጥኔ ሥር ነው የማኖረው። መልስ ቀረብኝ ብላ ፊቷ ሲጠቁር አላስችል ብሎኝ መልሱን እኔው ጻፍኩ። አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ፤ እጄ እንዳይታወቅ በግራዬ ጻፍኩት። ሁለት ደብዳቤ። ሁለቱንም ትራሷ ሥር አድርጋ ነበር የምትተኛው።

ነሐሴ ሃያ አምስት ንጋት ላይ፣ ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት፣ ቀሰቀስኳት። እናትሽ ከሞተች አርባ ቀን ሆናት ብዬ ልነግራት ነበር የተነሣሁት። አፌ ግን «ትናንት» አለ። አርባ ቀን ሙሉ ሰኞ ማክሰኞ ስትጫወት፣ ስትስቅ፣ ጨምሩልኝ ብላ ስትበላ እናቷ አፈር ውስጥ እንደነበረች እንዴት አድርጌ ልንገራት? ለቀስተኛውም እኔን ተከትሎ «ትናንት ማታ» አለ። ለአርባው የተደገሰው ለትኩስ ለቅሶ ሆነ።

በዚያው ንጋት ሰብሪያ ወለደች። ለሴት ልጅ ሦስት ጊዜ እልል ማለት ወግ ነው፤ ለእኛ ሐዘን ሲሉ ሴቶቹ እልልታቸውን ዋጡት። የሕፃኗን ልቅሶ ግን ማን ይውጠው? እሙ ደረቷን እየመታች ሳለች ከአጥሩ ወዲያ ያ ድምፅ ወጣ። ድንገት ዝም ብላ ወደ አጥሩ ዞረች። ሐዘን ነው ብዬ ነበር።

መስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት አዲስ የሳይንስ መምህር መጣላቸው። ሚስተር ጉናዳሳ ይባላል፣ የሲሎን ሰው። ተማሪው ሁሉ «ሕንዱ» ይለዋል፤ እሱም በሰባራ አማርኛው «ሕንድ አይደለሁም፣ የሻዩ አገር ነኝ» እያለ ያስቃቸዋል። እሙ ከሐዘኗ ወዲህ መጀመሪያ የሳቀችው በዚህ ሰው ነው። ስለዚህ ሳላየው ወደድኩት።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን እንደያዘች ጓዳ ገባች።

«እማማ፣ ዓለም የት ጋ እንደሚያልቅ ያውቃሉ?»

«መጀመሪያ ጫማሽን አውልቂ።»

«ሚስተር ጉናዳሳ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ክብ ሣለልን። ብርሃንም ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበታል አለ። አንዳንዱ ኮከብ፣ ዛሬ የምናየው ሰው ሳይፈጠር የተነሣ ብርሃኑን ነው፤ ኮከቡ ራሱ ይኑር ይሙት አይታወቅም። ከክቡ ወዲያ ካለው ደግሞ ብርሃኑ ገና አልደረሰም። የሩቅ ማያ መነጽሩ የፈለገውን ያህል ቢተልቅ ማንም አያይም።»

«ከክቡ ወዲያ እግዚአብሔር አለ።»

«አብሮኝ የሚማረው ወንድይፍራውም እንደዚያ ብሎ መለሰ። መምህሩ ግን ጠመኔውን አስቀምጦ ዝም አለ። በመጨረሻ ምን ቢል ጥሩ ነው? የእነሱ ሃይማኖት መምህር ዱሮ፣ ዓለም ዳርቻ አለው ወይስ የለውም፣ ዘለዓለም ይኖራል ወይስ ያልቃል፣ ተብሎ ሲጠየቅ ዝም ብሎ ነበር አለ። ቡዲስት ነው እማማ።»

ከሁሉ ያስፈራኝ ይህ ዝምታ ነው። ቄስ ቢጠየቅ ይመልሳል። ሼክም ይመልሳል። ጠንቋይ እንኳ ገንዘቡን ተቀብሎ ይመልሳል። ተጠይቆ ዝም የሚል የሃይማኖት መምህር ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ክፍል ሲለቀቅ እየቆየች ትጠይቀው ጀመር። እነሱ ዘንድ ነገሩ መጀመሪያ የለውም አለችኝ፤ ሰው ይሞታል፣ ይወለዳል፣ ደግሞ ይሞታል፤ በዚህ ሁሉ አዙሪት ያፈሰስነው እንባ ከባሕር ይበልጣል። «እኛ እንደዚህ አንልም» አልኳት፤ ድምፄም ከፍ ሳይል አልቀረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ መምህሩ ማውራቱን ተወችው። እሳት መጫሩ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ኅዳር ሲታጠን፣ ሠፈሩ በሙሉ ቆሻሻውን አቃጥሎ ከዘነበወርቅ እስከ እኛ ድረስ ጭስ በተኛበት ቀን፣ ልጠራት ወደ አጥሩ ሄድኩ። ሰብሪያ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። እሙ በረንዳው ላይ ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብላለች።

«እማዬ፣ አልጋሽ ላይ አሁን እኔ ነኝ የምተኛው» ትላታለች። «ሳል የለብሽም አይደል? ከክቡ ወዲያ ምን ነበር? ግዴለም፣ አፍ እስክትፈቺ እጠብቅሻለሁ።»

ሳልጠራት ተመለስኩ። ወደ ቤት ስትመለስ በሩን ዘግቼ ያዝኳት።

«ያቺ የሰው ልጅ ናት፣ ራህማ ናት ስሟ!»

«አውቃለሁ፤ አሁን ስሟ እሱ ነው» አለች፤ ትምህርቷን እንደምታስረዳ ሰው ረጋ ብላ። «እማዬ ነሐሴ ሃያ አራት ማታ ወጣች፣ ሃያ አምስት ንጋት እዚህ አጥር ሥር መጣች። እርስዎ ነዎት እኮ ቀኑን የነገሩኝ።»

ቀኑ የኔ ውሸት ነው። አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። በማግሥቱ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ወሰድኳትና የንስሐ አባታችን መስቀል አሳለሟት፤ «ሐዘን ነው፣ ያልፋል» አሉኝ። ለእሳቸውም እውነቱን አልነገርኩም። ስመለስ የአጥሩን ቀዳዳ በአጋም እሾህ ዘጋሁት።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ያ ደረቅ ንፋስ አቧራውን ሲያቦን፣ የሰብሪያን ድምፅ ሰማሁ።

«እማማ ጽጌ፣ ራህማ እርስዎ ጋ ናት?»

«የለችም።»

«ቦኖ ደርሼ መመለሴ ነው። ተኝታ ነበር የተውኳት።»

ዞሬ አየሁ። የእሙ ነጠላ ከሚስማሩ ላይ የለም። «ነይ፣ የት እንደሄደች አውቃለሁ» አልኳት። ሰብሪያ አንዴ አየችኝና እንስራዋን መሬት ላይ ትታ ተከተለችኝ።

መምህሩ የተከራየው፣ እሙ ዱሮ እንደነገረችኝ፣ ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአንድ ግቢ ኋላ ያለች አንዲት ክፍል ናት። በሯ ክፍት ነበር። እሙ ሕፃኗን በነጠላዋ አዝላ መካከል ላይ ቆማለች። ሰውየው ቀጭን ነው፣ ሹራብ ላይ ሹራብ ደርቧል፤ ብርዳችን እንዳልተስማማው ያስታውቃል። መደርደሪያው ላይ እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠ ትንሽ የናስ ምስል አለ። ከፊቱ በጣሳ ውስጥ የተቀመጠው ጽጌረዳ ጠውልጎ ቅጠሉ ረግፏል። አማተብኩ።

ሰብሪያ ምንም ሳትናገር ነጠላውን ፈትታ ልጇን ተቀበለች፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጡቷን አጎረሰቻት። እሙ ዐይኗን ከሕፃኗ ላይ አልነቀለችም።

«መምህር፣» አልኩት፣ «ይህቺ ልጅ ሕፃኗ እናቷ የሆነች መስሏታል። ይህን ያስተማሯት እርስዎ ነዎት። አይደለችም ብለው ይንገሯት፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እኔ እናትሽ ናት አላልኩም» አላት፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገ። «ሰው ተከራይ አይደለም። ዕቃ ይዞ ከአንዱ ቤት ወጥቶ ሌላ ቤት አይገባም።»

«ሰማሽ? አይደለችም።»

«ታዲያ ሌላ ሰው ናት?» አለችው እሙ።

ዝም አለ። ከዚያ «ሌላም አይደለም» አለ።

ደሜ ፈላ። «አንዱን ይናገሩ እንጂ! ናት ወይም አይደለችም።»

«እሙ እሳት ትጭራለች፣ ነግራኛለች» አለኝ። «አንቺ ምድጃ ያለው እሳት የጎረቤት እሳት ነው? አይደለም። የጎረቤት እሳት ባይኖር ይነድ ነበር? አይነድም። ልጅቷ አንድ ነገር ብቻ ሰማች፣ ሌላውን ተወች። ይህ መዞር ጥሩ ነው አላልኩም። መዞር በሽታ ነው። እኛ ዘለዓለም የምንለው መዞሩ የሚቆምበት ነው።»

«እኔ ይህን ሁሉ አልጠየቅሁም። ልጄ እየጠፋችብኝ ነው። ቢዋሹላትስ ምን ይጎዳዎታል?»

«ለልጅ አልዋሽም» አለ። ክፋት የለበትም አነጋገሩ። ቀጥሎ «እናት መቼ ሞተች?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ።

አሁን ዝም ያልኩት እኔ ሆንኩ። ሰብሪያ ከጥግ ቀና ብላ አየችኝ። ዐይኔን ላሳርፍበት አጥቼ ወደ ጣሳው ዞርኩና «አበባዎ ውሃ ይፈልጋል» አልኩት።

«እንዲጠወልግ ነው የተቀመጠ» አለኝ። «ማየት አለብን።»

ወደ ቤት ስንመለስ እሙ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። ሰብሪያ ሕፃኗን በሻሿ ከንፋሱ ከልላ አጠገቤ ትራመዳለች።

«እማማ ጽጌ፣ ረሻድ ይህን ቢሰማ በማግሥቱ ቤት ይለቃል» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አልነግረውም። ግን ለእርስዎ ስል አርባ ቀን ዝም ብያለሁ። ምጥ ላይ ሆኜ ‹ትናንት ሞተች› ሲባል ስሰማ ዝም ብያለሁ። ልጅቷ ልጄን የምትፈልገው በዚያ ቀን ምክንያት ከሆነ ቀኑን ያስተካክሉላት። አለዚያ እኔ እነግራታለሁ።»

«ትጠላኛለች፣ ሰብሪያ።»

«ትጥላዎት። የኔ ልጅ ገና አራት ወሯ ነው።»

ምን ትበል? እውነቷን ነው። እኔም ሳስበው አንድ ተስፋ አገኘሁ። የእሙ ነገር የቆመው በአንድ ቀን ላይ ነው። ያን ቀን ከሥሩ ብነቅለው ቤቱ ሁሉ ይፈርሳል። ትጥላኝ፣ ልቧ ግን ይመለስልኝ።

እሑድ ንጋት ላይ፣ መርዶ በሚነገርበት ሰዓት፣ እንደዚያን ቀን ቀሰቀስኳት።

«እሙዬ፣ እናትሽ የሞተችው ነሐሴ አይደለም። ሐምሌ አሥራ ስድስት ነው። አሞሽ ስለነበር ደበቅሁሽ። ራህማ በተወለደችበት ቀን አልሞተችም።»

ተነሥታ ተቀመጠች። ታለቅሳለች ብዬ ነጠላዬን አዘጋጅቼ ነበር። እጇን ትራሷ ሥር ሰድዳ ሁለቱን ደብዳቤዎች አወጣች። አንዱን ገልጣ ረዥም ጊዜ አየችው።

«‹በባዶ እግርሽ ወደ ደጅ አትውጪ፣ ንፋስ ይመታሻል›» ብላ አነበበች። «ይህን ሳነብ እማዬ እንደ እርስዎ መጨነቅ ጀመረች ብዬ ነበር።»

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

«ነሐሴ አሥር ነው የሚለው። ያን ጊዜ የለችም ነበር።»

«አልነበረችም።»

ደብዳቤውን በእጥፋቱ አጠፈችው። ከዚያ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ዳዊት የምትደግም መስሎኝ ነበር። ጣቶቿን ሳይ ነው የገባኝ፤ እየቆጠረች ነው። ከአልጋው ወርዳ ግድግዳው ዘንድ ሄደች፤ የአያቷ መስመሮች በኖራው ሥር ወደሚታዩበት። አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ቆጠረች፤ ከሐምሌ አሥራ ስድስት ጀምራ እስከ ወሩ መጨረሻ፣ ከዚያ ነሐሴን። የመጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«አርባ» አለች። «ነሐሴ ሃያ አምስት ልክ አርባ።»

ወደ እኔ ዞረች።

«ነፍስ አርባ ቀን ስትዞር ትቆያለች፣ በአርባኛው ቀን የምትገባበት ይሰጣታል ያሉኝ እርስዎ ነዎት እኮ፣ እማማ። በአንድ ማታ እንዴት ከጎጃም ደረሰች እያልኩ እሱ ነበር ያልገባኝ። አሁን ገባኝ።» ከዚያ መጥታ ጉንጬን ሳመችኝ። «አልተቀየምኩዎትም።»

ብትጠላኝ ይሻለኝ ነበር። የሰውየውን ክብ በኔ ጠመኔ ገጠምኩላት። የሱን ብቻ ብትሰማ፣ ተከራይ አይደለም፣ ዕቃ ይዞ አይገባም የሚለውን ብትሰማ፣ መውጫ ነበራት። የኔን ብቻ ብትሰማም እናቷ በአርባዋ ገብታ ዐርፋለች። ከሁለታችን ግማሽ ግማሹን ወስዳ፣ እኔም ልፈታው የማልችለውን ሠራች።

ይህ ከሆነ ስድስት ቀን ነው። ራህማ ከዚያ ቅዳሜ ንፋስ ወዲህ ትስላለች። መጀመሪያ ትንሽ ነበር፤ አሁን ሲይዛት ትንፋሽ ያጥራታል። ረሻድ ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ወስዷታል፤ ሰብሪያ ሽሮፑን በማንኪያ ስታጠጣት በአጥሩ በኩል አያታለሁ። እኔን ቀና ብላ አታይም። ያ ሳል የሕፃን ሳል ነው፣ የሕፃን ሁሉ ሳል ይመሳሰላል እያልኩ ለራሴ እነግራለሁ። ዘመነችም እንደዚያ ነበር የምትጀምረው፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረዥም።

እሙ ወደ አጥሩ መሄድ ትታለች። እሾሁን ለመንቀል አልሞከረችም፣ እሳትም አትጭርም። ትምህርቷን ታጠናለች፣ ትበላለች፣ ስጠራት «አቤት» ትላለች። ሳሉ ሲሰማ ብቻ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች፤ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ጓዙን ሲጭን እንደሚያዳምጥ ዘመድ። መምህሩ በሽታ ያለው ይህን መሆኑ አሁን ነው የገባኝ። ማልቀስ የሌለበት፣ መቅበር የሌለበት፣ ሁልጊዜ ሌላ በር የሚታይበት ነገር።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ምስር ስለቅም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አብራኝ መልቀም ጀመረች፤ ድንጋዩን ወደ አንድ፣ ምስሩን ወደ አንድ። ከወዲያ ሳሉ ተነሣ፣ ቆየ፣ ቆመ። ወደ ግድግዳው ተመለከተች። ከአያቷ መስመሮች ጎን ግድግዳው ባዶ ነው፣ ንጹሕ ነው፤ ከታች ወለሉ ላይ አንድ ከሰል ተቀምጧል። እኔ አላስቀመጥኩትም።

«እማማ፣» አለችኝ ድንጋይ እየለቀመች፣ «በሠፈሩ ነፍሰ ጡር ማን ማን አለ?»

የዳቦ ጋጋሪዋ ምራት የካቲት ላይ ትወልዳለች። አልፊያ ገና መያዟ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ያለችው የገሜዳ ሚስትም ሆዷ ገፍቷል።

«ማንም የለም» አልኳት።